ጭስ ማውጫ የሌለው ብክለት፦ የአሜሪካ የኦዞን ሙግት ለምን ፍርድ ቤት ገባ?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በጁላይና በኦገስት ሙቀት ከአየር ትንበያው ጋር አብሮ የሚነገረውን የአየር ጥራት ማስጠንቀቂያ ለምደውታል። የዕለቱ ደረጃ «ብርቱካናማ» ከሆነ አስም ያለባቸው ሰዎች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ከሰዓት በኋላ ውጭ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ እንዲቀንሱ ይመከራል፤ «ቀይ» ከሆነ ምክሩ ለሁሉም ሰው ይሆናል። ሰማዩ ግን እንዲህ ባለው ቀን ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው፤ የሚታይ ጭስም ሆነ ጣት የሚቀሰርበት ጥፋተኛ የለም። ማስጠንቀቂያው የሚናገረው ስለ ኦዞን ነው፤ ያውም ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ስለሚከላከልልን ኦዞን ሳይሆን፣ እኛ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ተፈጥሮ የሳንባን ግድግዳ ስለሚያስቆጣው ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ጋዝ ናቸው፤ ጠባቂና ጎጂ ያደረጋቸው የሚገኙበት ከፍታ ብቻ ነው።

ከየትኛውም ጭስ ማውጫ ኦዞን አይወጣም ማለት ይቻላል። ከመኪና፣ ከኃይል ማመንጫና ከፋብሪካ የሚወጡት ናይትሮጅን ኦክሳይዶች፣ ከቤንዚን፣ ከቀለም፣ ከነዳጅ ጉድጓዶችና ከዛፎችም ጭምር ከሚተኑ የካርቦን ውህዶች ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲዋሃዱ አየሩ ውስጥ የሚፈጠር ነው። ጨረሩ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ሰብሮ አንድ የኦክስጅን አቶም ያስለቅቃል፤ ያ አቶም ከተለመደው ባለ ሁለት አቶም ኦክስጅን ጋር ሲጣመር ባለ ሦስት አቶሙ ኦዞን ይገኛል። በሌላ በኩል ደግሞ ገና ከመኪና የወጣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞንን መልሶ ያፈርሰዋል። በዚህ የተነሣ መኪና በሚርመሰመስበት መሃል ከተማ ኦዞኑ ዝቅ ብሎ፣ በነፋሱ አቅጣጫ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ጸጥተኛ ሰፈር ከፍ ብሎ ሊለካ ይችላል። ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለ። ከናይትሮጅን ኦክሳይዶቹ ጋር ሲነጻጸሩ የካርቦን ውህዶቹ በሚያንሱበት ከተማ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን በጥቂቱ ብቻ መቀነስ ኦዞኑን ለጊዜው ሊጨምረው ይችላል፤ በሎስ አንጀለስ የጭነት መኪኖች እንቅስቃሴ በሚቀንስባቸው ቅዳሜና እሑድ ኦዞኑ ከሥራ ቀናት በልጦ ይለካ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ብክለት ለመቃወም ሰልፍ የሚወጣ ሰው በማን ደጅ ይቆማል? የአሜሪካ የአካባቢ ተሟጋቾች ለዚህ ጥያቄ ያገኙት መልስ የፍርድ ቤት ደጅ የሚል ነው፤ ይዘው የቀረቡትም ከመፈክር ይልቅ ሁለት ደረቅ ነገሮችን፣ ቁጥርንና ቀነ ገደብን ነው። ያለፉት ሃምሳ ዓመታት ውጤት በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ነው፤ ዛሬ የሚታየው አደጋም ቁጥሩና ቀነ ገደቡ እንዳሉ ሆነው፣ እነርሱን ለማሟላት የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አንድ በአንድ መነጠቃቸው ነው።

ታሪኩ የተጀመረው በጥፋተኛ ፍለጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1943 ሎስ አንጀለስን ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር ጉም ሲሸፍናት፣ ዘመኑ የጦርነት ነበርና ጃፓን በመርዝ ጋዝ ያጠቃቻቸው የመሰላቸው ነዋሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጣት የተቀሰረው በአሊሶ ጎዳና ላይ ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚያገለግል ቡታዲን ያመርት በነበረ ፋብሪካ ላይ ነው፤ ፋብሪካው ለጊዜው ሥራ ቢያቆምም ጉሙ ተመልሶ መጣ። ምስጢሩን የፈቱት በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠሩ የነበሩት የኔዘርላንድ ተወላጅ ባዮኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት ሲሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ ከምርምሮቻቸው አንዱ የአናናስ መዓዛ ከምን ከምን እንደሚገኝ መለየት ነበር። በዚያ ሥራ የተካኑበትን ዘዴ በከተማው አየር ላይ ተጠቅመው፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ጉሙ የሚፈጠረው የነዳጅ ትነትና የመኪና ጭስ በፀሐይ ብርሃን ሲዋሃዱ መሆኑን አሳዩ። በነዳጅ ኢንዱስትሪው ገንዘብ ጥናት ያካሂድ የነበረ የምርምር ተቋም ግኝቱን አጥብቆ ተከራከረው፤ ሳይንሱ ግን ጸና፤ ሃገን ስሚትም በ1968 የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ለመሆን በቁ። ጥፋተኛው አንድ ፋብሪካ ሳይሆን በየሰው ደጅ የቆመው መኪና መሆኑ መታወቁ ግን ለፖለቲከኞች ደስ የሚያሰኝ ዜና አልነበረም፤ ፋብሪካን መዝጋት ይቻላል፣ የመራጩን ሁሉ መኪና መንጠቅ ግን አይቻልም።

ይህን ችግር የተጋፈጠው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በዲሴምበር 31 ቀን 1970 የፈረሙት የንጹሕ አየር ሕግ ነው። ረቂቁ በሴኔቱ ሲያልፍ 73 ለ0 በሆነ ድምፅ እንደነበር ዛሬ ላይ ሆኖ ማሰብ ይከብዳል። በሕጉ ውስጥ ለኦዞን ጉዳይ ወሳኝ የሆኑት አንቀጾች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው የአየር ጥራት ደረጃ ሲያወጣ መለኪያው የሕዝብ ጤና እንዲሆን፣ ያውም በቂ የደኅንነት ትርፍ ታክሎበት እንዲወሰን ያዛል፤ በ1977 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ደረጃው በየአምስት ዓመቱ እንዲከለስ ተጨመረበት። ሁለተኛው አንቀጽ ማንኛውም ዜጋ በካይ ድርጅትን ብቻ ሳይሆን፣ ሕግ ያዘዘውን ግዴታ በወቅቱ ያልፈጸመውን ራሱን ኤጀንሲውን መክሰስ እንዲችል ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤቱም የጠበቃ ወጪ እንዲተካ ማዘዝ ይችላል። በእኔ ግምት ከሁለቱ የበለጠ ክብደት ያለው ሁለተኛው ነው። መንግሥት ሕግ አውጥቶ ሕጉን ማስፈጸም ሲያቅተው የሚጠይቀው ሰው ከሌለ፣ የመጀመሪያው አንቀጽ መልካም ምኞት ሆኖ ይቀር ነበርና።

ቁጥሩ ራሱ ብዙ ተጉዟል። በ1971 ገደቡ በአንድ ሰዓት አማካይ ከአንድ ቢሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 80 ነበር። በ1979 ወደ 120 ከፍ ተደርጎ ላላ፤ በ1997 አለካኩ ወደ ስምንት ሰዓት አማካይ ተለውጦ ወደ 80 ተመለሰ፤ በ2008 ወደ 75፣ በ2015 ደግሞ ዛሬም ወደሚሠራበት 70 ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የስምንት ሰዓት መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 100 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ይህ በአሜሪካው አቆጣጠር ወደ 50 ገደማ ነው። የአውሮፓ ኅብረት 120 ማይክሮግራምን እንደ ግብ ይዞ ግቡ የሚታለፍባቸውን ቀናት ይቆጥራል፤ በ2024 ባወጣው አዲስ መመሪያም ለ2030 የሚፈቀደውን በዓመት ከ25 ቀናት ወደ 18 ዝቅ አድርጎታል።

የአሜሪካው 70 የሚሰላበት መንገድ ከቁጥሩ እኩል መታወቅ ይገባዋል። አንድ የመለኪያ ጣቢያ በዓመቱ ውስጥ ከመዘገባቸው ዕለታዊ ከፍተኛ መጠኖች አራተኛው ይወሰድና የሦስት ዓመት አማካዩ ይሰላል፤ ያ አማካይ ከ70 ካልበለጠ አካባቢው ደረጃውን አሟልቷል ይባላል። የዓመቱ ሦስት ክፉ ቀናት እንግዲህ ከሂሳቡ ውጭ ናቸው። ስታቲስቲክሱ ለዚህ ምክንያት አለው፤ አንድ ያልተለመደ የሙቀት ቀን የአንድን ክልል ዕቅድ ሁሉ እንዳያናጋ ታስቦ ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት አስሙ ተነሥቶበት ሆስፒታል የሚገባ ልጅ ግን በየትኛውም ሰነድ ላይ እንደ ሕግ ጥሰት አይመዘገብም።

የጤናው ማስረጃ ከሕዝብ ጥናት ብቻ የመጣ አይደለም። ጤነኛ ወጣት ፈቃደኞች የኦዞኑ መጠን በጥንቃቄ በሚቆጣጠሩበት ክፍል ውስጥ ለ6.6 ሰዓት፣ በየመሃሉ የአካል እንቅስቃሴ እያደረጉ እንዲቆዩ ተደርጎ የሳንባቸው አቅም ተለክቷል፤ በ60 መጠን እንኳ የአንዳንዶቹ የትንፋሽ አቅም መቀነሱ ታይቷል። ጤነኛ ወጣት እንዲህ ከሆነ፣ የደኅንነት ትርፉ የተደነገገላቸው አስም ያለባቸው ሕፃናትና ቀኑን ሙሉ በግንባታ ሥራ ላይ የሚውሉ ሠራተኞች ምን ያህል ገደብ ያስፈልጋቸዋል የሚለው ነው የተሟጋቾቹ ክርክር። ኦዞን ሰብልንም አይምርም፤ ስንዴና አኩሪ አተርን የመሰሉ ተክሎች በቅጠላቸው ሲያስገቡት ምርታቸው ይቀንሳል፤ ከሎስ አንጀለስ በስተ ምሥራቅ ባሉት የሳን በርናርዲኖ ተራሮች ላይ ያሉ የጥድ ዝርያዎችም ቅጠላቸው እየወየበ መጎዳታቸው ከተመዘገበ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

የኢንዱስትሪው ወገን ዋነኛ መከራከሪያ ወጪ ነው። የ1997ቱን ደረጃ የጭነት ማመላለሻ ኩባንያዎች ማኅበር ሲቃወም፣ ኤጀንሲው ደረጃውን ከማውጣቱ በፊት ወጪውን ማመዛዘን ነበረበት ብሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረገው፤ ፍርዱን የጻፉት ደግሞ ወግ አጥባቂው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ነበሩ። ሕጉ የሕዝብ ጤና ይላል፣ ወጪ የሚል ቃል በዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም፤ ወጪ የሚታሰበው ደረጃው እንዴት ይሟላ በሚለው ደረጃ ላይ ነው የሚል ነበር ውሳኔው። ይህ ሁሉ ግን የወጪ ጦርነቱን አላስቀረውም። የ2015ቱ ደረጃ ከመውጣቱ በፊት የአምራቾች ብሔራዊ ማኅበር ገደቡ ወደ 60 ቢወርድ በዓመት 270 ቢሊዮን ዶላር፣ ወደ 65 ቢወርድ ደግሞ 140 ቢሊዮን ዶላር ያስወጣል የሚል ስሌት አሰራጨ፤ ኤጀንሲው በበኩሉ የ70ው ገደብ ካሊፎርኒያን ሳይጨምር በ2025 በዓመት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣና ጥቅሙ ከዚያ እንደሚበልጥ ገመተ። ገደቦቹ የተለያዩ ስለሆኑ አሃዞቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም፤ ሆኖም የአምራቾቹ ማኅበር አሃዝ ማስታወቂያ ላይ የዋለበት ስፋት፣ ክርክሩ ከሳይንስ ጉባኤ ወጥቶ ወደ ምርጫ ዘመቻ እንዴት እንደሚሸጋገር ያሳያል።

ከ2008 እስከ 2015 የሆነው ነገር የቀነ ገደብን ኃይል ከምንም በላይ ያስረዳል። በ2008 የኤጀንሲው የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ ገደቡ ከ60 እስከ 70 ባለው ውስጥ እንዲሆን በአንድ ድምፅ መክሮ ሳለ፣ የጆርጅ ቡሽ አስተዳደር 75 ላይ አቆመው። የአሜሪካ የሳንባ ማኅበርና የአካባቢ ድርጅቶች ከሰሱ። የባራክ ኦባማ አስተዳደር ሲመጣ ውሳኔውን እንደገና አየዋለሁ ስላለ ክሱ ለጊዜው ቆመ፤ በጃንዋሪ 2010ም ከ60 እስከ 70 የሚል ረቂቅ ወጣ። ተሟጋቾቹ ወዳጅ መንግሥት መጣ ብለው በትዕግሥት ጠበቁ። ከዚያ በሴፕቴምበር 2 ቀን 2011፣ የምርጫው ዓመት በደረሰበት ሰዓት፣ ፕሬዚዳንቱ ኢኮኖሚው ገና እያገገመ መሆኑን ጠቅሰው ረቂቁን እንዲያነሡት የኤጀንሲውን ኃላፊ ሊሳ ጃክሰንን ጠየቁ፤ ረቂቁም ተነሣ። ጉዳዩን ወደ መስመር የመለሰው የፕሬዚዳንቱ ልብ መመለስ አልነበረም። አምስት ዓመቱ በማርች 2013 ሲሞላና ክለሳው ሳይጠናቀቅ ሲቀር፣ ድርጅቶቹ የዘለለውን ቀን ብቻ ይዘው በሰሜን ካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም በኤፕሪል 2014 የመጨረሻው ውሳኔ እስከ ኦክቶበር 1 ቀን 2015 እንዲሰጥ አዘዘ። ኤጀንሲው ፊርማውን ያኖረው በዚያችው ቀን ነው። ሰባዋ ቁጥር የተሟጋቾቹንም የአምራቾቹንም ፊት አጨማደደች፤ ነገር ግን ያለዚያ ክስ ጨርሶ ባልመጣች ነበር። ወዳጅ የሚባል አስተዳደር ባለበት ጊዜ ሙግትን ማቆም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አልተነቃነቀም፦ የዶናልድ ትራምፕ አስተዳደር በዲሴምበር 2020 ባለበት አጸናው፣ የጆ ባይደን አስተዳደር በ2021 ዳግም አየዋለሁ ብሎ በኦገስት 2023 ከአዲስ ሙሉ ክለሳ ጋር ደባልቆ አሳደረው።

ቁጥር ከወጣ በኋላ ቀነ ገደቡ በየከተማው ይወርዳል። በ1990 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት ደረጃውን ያላሟሉ አካባቢዎች ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ አሳሳቢ፣ ከባድና እጅግ ከባድ በተባሉ አምስት እርከኖች ይመደባሉ። እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የሚሰጠው ጊዜ ከሦስት ዓመት እስከ ሃያ ዓመት ይረዝማል፤ ግዴታውም አብሮ ይከብዳል። ለምሳሌ በመካከለኛው እርከን በዓመት 100 ቶን የሚለቅ ተቋም ብቻ ትልቅ በካይ ተብሎ ጥብቅ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ወለሉ በቀጣዮቹ ሦስት እርከኖች ወደ 50፣ ወደ 25 እና ወደ 10 ቶን ይወርዳል። ቀኑን ያሳለፈ አካባቢ ወደሚቀጥለው እርከን ይገፋል። ዋሽንግተን ራሷ የዚህ ሕግ መፈተኛ ሆና ነበር። የዋና ከተማዋ አካባቢ እስከ 1999 ደረጃውን ማሟላት ሲገባው ሳያሟላ ቀረ፤ ኤጀንሲው ብክለቱ ከሌሎች ግዛቶች በነፋስ የመጣ ስለሆነ ብሎ እርከኑን ሳይቀይር ጊዜውን እስከ 2005 አራዘመ። ሲየራ ክለብ የተባለው ድርጅት ከሰሰ፤ የዲሲው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2002 ሕጉ እንዲህ ያለ ሥልጣን ለኤጀንሲው አልሰጠውም ብሎ ፈረደ። በ2003 መጀመሪያ አካባቢው ወደ ከባድ እርከን ተሸጋገረ፤ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሦስቱም ጠንካራ ዕቅድ ለማቅረብ ተገደዱ።

ዴንቨር የበለጠ ውስብስብ ናት። በዴንቨርና በአጎራባቿ አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ በተራራ ጥግ የተቀመጠች ናት፤ በሰሜን በኩል በዌልድ ካውንቲ የኮሎራዶ አብዛኛው የነዳጅና የጋዝ ምርት ይካሄዳል፣ በኮመርስ ሲቲ ደግሞ ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ አለ። በ2019 አዲሱ ገዥ ጃረድ ፖሊስ ከእርሳቸው በፊት የነበረው አስተዳደር ለኤጀንሲው ያቀረበውን የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ አነሡ፤ የአየሩን እውነታ መሸፋፈን አይጠቅምም በሚል መንፈስ የተወሰደ፣ ለፖለቲከኛ ያልተለመደ እርምጃ ነበር። አካባቢው በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አሳሳቢ፣ በ2022 ደግሞ በ2008ቱ ደረጃ መሠረት ወደ ከባድ እርከን ተገፋ። ከባድ እርከን በራሱ ከሚያስከትላቸው ነገሮች አንዱ በሙቀት ወራት ትነቱ የቀነሰ ልዩ ቤንዚን የመሸጥ ግዴታ ነው፤ በዴንቨር ይህ ከጁን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። እዚህ ላይ ያው ገዥ ተቃወሙ፤ ዋጋ ይጨምራል፣ ለኦዞኑ የሚያመጣው ለውጥ ግን ጥቂት ነው አሉ።

ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በታክሲና በኡበር ሥራ ለሚተዳደር ሰው የቤንዚን ዋጋ የዕለት ገቢ ጉዳይ ነው፤ የመኪኖቹ ሞተር እየተሻሻለ በመጣበት ዘመን ከልዩ ቤንዚን የሚገኘው ጥቅም ሕጉ በወጣበት በ1990 ከነበረው ያንሳል። ግዴታው ግን በሕጉ ውስጥ አስቀድሞ ስለተጻፈ፣ ችግሩ ከነዳጅ ጉድጓዶች ይሁን ከመኪና ሳይለይ ይመጣል። ቀነ ገደብ ባለሥልጣንን ያንቀሳቅሳል እንጂ ትክክለኛውን መፍትሔ አይመርጥለትም። የዴንቨር ተሟጋቾች ከልዩ ቤንዚኑ ይልቅ በነዳጅ ጉድጓዶች ፈቃድ ላይ ያተኮሩት ይህን ስለተረዱ ይመስለኛል። በኦገስት 2022 የከተማዋ አውቶቡሶችና ባቡሮች ያለ ክፍያ እንዲያገለግሉ መደረጉም ሰው በኦዞን ወራት መኪናውን እንዲያቆም ለማበረታታት ነበር፤ ለተሳፋሪው መልካም ቢሆንም፣ በኦዞኑ ላይ ያለው ክብደት ከጉድጓዶቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከሁሉም የከበደው ግን የነፋስ ጉዳይ ነው። ሜሪላንድ ወይም ኮኔቲከት የራሷን መኪናና ፋብሪካ ብታጠራም፣ በምዕራብ ካሉ ግዛቶች የኃይል ማመንጫዎች የተነሣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ድንበር አይጠይቅም። ሕጉ አንዱ ግዛት የሌላውን አየር እንዳያበላሽ የሚያዝ የመልካም ጉርብትና አንቀጽ አለው፤ ድርሻን ማከፋፈል ግን ከባድ ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 የኤጀንሲውን የድርሻ ስሌት 6 ለ2 ሲያጸና፣ ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግ የችግሩን ባሕርይ ለማስረዳት ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 «ነፋስ ወደሚወደው ይነፍሳል» የሚለውን ጠቅሰው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ነፋሱ ተለወጠ። ኤጀንሲው በ2023 ለ23 ግዛቶች ያወጣውን አዲስ የመልካም ጉርብትና ዕቅድ ፍርድ ቤቱ በጁን 27 ቀን 2024 5 ለ4 በሆነ ድምፅ አገደው። ምክንያቱ፣ በሌሎች ክሶች ምክንያት ዕቅዱ በብዙዎቹ ግዛቶች ላይ ስለታገደ፣ ቀሪዎቹ ብቻ ሲሆኑ ስሌቱ ይጸናል ወይ ለሚለው ኤጀንሲው በቂ መልስ አልሰጠም የሚል ነበር። ዳኛ ኒል ጎርሰች የጻፉት ፍርድ መጀመሪያ ሲወጣ ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ጥርስ ሐኪም ቤት ለማደንዘዣ ከሚውለው አሳቂ ጋዝ ጋር አምስት ጊዜ ማደባለቁ ወዲያው ታውቆ ታርሟል። ስሕተቱ ውጤቱን አይለውጠውም፤ ሆኖም በማግስቱ በሌላ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ አሻሚ ሕግን የመተርጎም ሥልጣን ከባለሙያ ኤጀንሲዎች ወደ ዳኞች የተሸጋገረበትን ውሳኔ ስለሰጠ፣ አጋጣሚው ከቀልድነት ያለፈ ትርጉም ነበረው።

በኢትዮጵያም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በብክለት ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ ባለሥልጣኑ በ30 ቀናት ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። ፀሐይዋ ብርቱ፣ መኪናዋ እየበዛ በሄደባት፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን ከኦዞን ይልቅ የሚያሳስበው የብናኝ ብክለት ነው። በአሜሪካ የክስ መብቱን ሥራ ላይ ያዋለው በየሰዓቱ ለሕዝብ የሚገለጽ የመለኪያ መዝገብ ነው፤ በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ይለካው የነበረውን የብናኝ መጠን ለሕዝብ ማሰራጨት፣ በሌሎች ከተሞች ካሉት ኤምባሲዎች ጋር በአንድነት፣ በማርች 2025 መቆሙ በዚህ ረገድ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ወደ ሎስ አንጀለስ ስንመለስ የተገኘው ለውጥ የሚካድ አይደለም። ከ1975 ሞዴል መኪኖች ጀምሮ የተገጠመው የመኪናን ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ ንጹሕ ነዳጅና የካሊፎርኒያ ጥብቅ ሕጎች፣ በ1950ዎቹ ዛሬ ካለው ገደብ በብዙ እጥፍ ይበልጥ የነበረውን ኦዞን ዝቅ አድርገውታል፤ መኪናውም ሕዝቡም በዚያው ዘመን በዝቶ ሳለ ነው ይህ የሆነው። ይሁንና አካባቢው ዛሬም በዓመት ከ100 በላይ ቀናት ከ70 በላይ ይለካል፤ በ2015ቱ ደረጃ እጅግ ከባድ እርከን ላይ ስላለ የተሰጠው ጊዜ እስከ ኦገስት 2038 ነው። የአካባቢው የአየር ጥራት ባለሥልጣን በ2022 ባጸደቀው ዕቅድ መሠረት ናይትሮጅን ኦክሳይዶች፣ ነባሮቹ ሕጎች በ2037 ከሚያደርሱበት መጠን በታች በ67 በመቶ ተጨማሪ መቀነስ አለባቸው። ከእነዚህ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከጭነት መኪና፣ ከመርከብ፣ ከባቡር፣ ከአውሮፕላንና ከመሳሰሉት ተንቀሳቃሽ ምንጮች ነው፤ መርከብን፣ ባቡርንና አውሮፕላንን የሚቆጣጠረው ደግሞ በዋናነት የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በወደቦቹ አቅራቢያ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች ለዓመታት ሲታገሉ ቆይተው፣ ባለሥልጣኑ በ2021 ትልልቅ መጋዘኖችን ወደ እነርሱ በሚመላለሱት የጭነት መኪኖች ብክለት ተጠያቂ የሚያደርግ ደንብ እንዲያወጣ ያደረጉት፣ ከመኪናው ይልቅ መጋዘኑ በባለሥልጣኑ እጅ ስለነበረ ነው።

ለመኪናው የነበራቸው ትልቁ መሣሪያ ካሊፎርኒያ ከ1967 ጀምሮ ከፌዴራሉ የጠበቀ የመኪና ደንብ እንድታወጣ የሚፈቅድላት ልዩ ፈቃድ ነበር። በጁን 12 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፈረሟቸው የምክር ቤት ውሳኔዎች ከእነዚህ ፈቃዶች ሦስቱን ሻሩ፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች ሽያጭ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ጭነት መኪኖችና ስለ ከባድ ናፍጣ ሞተሮች የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን የወጡትን። የምክር ቤቱ ኦዲተር የሆነው የመንግሥት ተጠሪነት ጽሕፈት ቤትና የሴኔቱ የሥነ ሥርዓት አማካሪ፣ ፈቃዶቹ ምክር ቤቱ የኤጀንሲዎችን ደንብ እንዲሽር በሚፈቅደው ሕግ ሊሻሩ የሚችሉ ደንቦች አይደሉም ብለው ሳለ ምክር ቤቱ ገፍቶበት ነው፤ ካሊፎርኒያና አሥር ሌሎች ግዛቶች በዚያው ቀን ክስ መሠረቱ። የ2038 ቀነ ገደብ ግን አልተሻረም፤ ሰባዋ ቁጥርም እንዲሁ። ብቁ ዕቅድ ባላቀረበ ግዛት የአውራ ጎዳና የፌዴራል ገንዘብ ላይ የሚጣለው እገዳም በሕጉ ላይ እንዳለ ነው። እጅግ ከባድ እርከን ላይ ያለ አካባቢ ቀኑን ካሳለፈ ደግሞ በዚያ የሚገኙ ትልልቅ ቋሚ ተቋማት፣ ማለትም የነዳጅ ማጣሪያዎችና የኃይል ማመንጫዎች፣ ከተወሰነላቸው መጠን በላይ ለሚለቁት ለእያንዳንዱ ቶን በየዓመቱ ቅጣት እንዲከፍሉ ሕጉ ያዛል። መርከቡ፣ ባቡሩና ናፍጣ መኪናው ላመጡት ኦዞን ሂሳቡ የሚላከው ወደ ማጣሪያው ነው ማለት ነው፤ የፈቃዶቹን መሻር የደገፈው የነዳጅ ኢንዱስትሪም ይህን ክፍያ ለማስቀረት ቀጥሎ የሚጠይቀው ቀነ ገደቡ ራሱ እንዲነሣለት ሊሆን ይችላል።